ያጎደልሁብህ ሃያ ሦስት

ማድ ቤቴን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ለወሰድህብኝ ለባሌ ለይበልጣል፤

እንዴት ሰነበትህ አልልህም፤ አንተ ባለህበት መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን ይኸው ሰንብቻለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የተዋስነው ድስትም ለባለቤቶቹ ተመልሷል። ቤቱ ጸጥ ሲልልኝ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ፤ አንድ ደግሞ ይቅርታ የምጠይቅህ። ታገሠኝ እንግዲህ። እንደምታውቀው እኔ ወሬ ስጀምር ከቡሬ ተነሥቼ ፍኖተ ሰላምን አልፌ ደብረ ማርቆስ ደርሼ ነው ተመልሼ ቤቴ የምገባው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሕይወት ሥራ ይዛለች፤ ቡሬ ጤና ጣቢያ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ነገ እሠራዋለሁ ስትለኝ የኖርኸው የበረንዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ አሁን ባልዲ አላስቀምጥም። የጋሪ ፈረሶቹ ማቆሚያ ከበራችን ፊት ተነሥቶ ወደ ላይ ሄዷል፤ በቦታው ባጃጆች ይንጫጫሉ። ፈረስ ይሻል ነበር፤ ፈረስ ቢያንስ ጡሩንባ የለውም። የተከልኸው ኮክ አፈራ። ፍሬው እንደ እኅትህ እንደ አለሚቱ ፊት የኮመጠጠ ነው፤ ብቻ አፈራ።

ማድ ቤቱ ውስጥ ያንተን ወገን ግን አላፈረስሁትም። መደርደሪያው እንዳለ ነው። ከሽታው አፍህ ላይ ታስራት የነበረችው አሮጌ ነጠላዬ ዛሬም ቦታዋ እዚያችው ምስማሯ ላይ ነው። አንዳንዴ ሽንኩርት ስከትፍ ቀና ብዬ አያታለሁ፤ ከዚያ በሽንኩርቱ አመካኛለሁ።

ይኼ ሁሉ እንዴት እንደ ጀመረ ታስታውሳለህ? አንድ ቀን ከጋራዥ ስትመጣ የአለቃህን ፒክአፕ የመስኮት ማዞሪያ ስባሪ በኪስህ ይዘህ ገባህ። አዲስ አበባ ድረስ ቢጠየቅ ዕቃው መምጣት ካቆመ ቆይቷል ተባልህ። ሞተሩ ገና ጎረምሳ ሆኖ ሳለ ውስጡን ፀሐይ በላው፣ እጀታ የሌለው መኪና ጆሮ እንደሌለው ድስት ነው እያልህ ስትብሰለሰል ሰነበትህ። ቀጥሎ የአክስትህ ልጅ ሁለት ጀሪካን ፈሳሽ ላከልህ። አንደኛው እንደ ማር ይቀላል፤ ሁለተኛው እንደ ውኃ የጠራ ነው። እኛም ማሩና ውኃው ብለን ስም አወጣንላቸው። ለየብቻ ቢቀመጡ ፈሳሽ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ድንጋይ ይሆናሉ። አንተ ልክ እንደ ባልና ሚስት ናቸው አልህ። እኔም ባልና ሚስት ተገናኝቶ ድንጋይ የሚሆነው በእናንተ ቤት ነው ብዬ መለስሁልህ።

ከእነሱ እጀታ ለማውጣት ወራት ሙሉ ስታበላሽ ከረምህ። ያበላሸኸው ሁሉ ከምድጃዬ አጠገብ ተከመረ። በኋላ ግን እሰይ፣ እጅህ ገባ! ከዱርቤቴ፣ ከሊበን፣ ከቡሬ ሰዉ የመኪናውን ስባሪ ፕላስቲክ በፌስታል እየቋጠረ በሚኒባስ ይልክልህ ጀመር። የፋሲካ ዋዜማ ሥጋ የተላከልን መስሎኝ የፈታሁት ፌስታል ውስጥ የሲጋራ መተርኮሻ ያገኘሁበትን ቀን መቼም አልረሳውም። አንተ መሬት ላይ ተቀምጠህ እስክታለቅስ ሳቅህ፤ እኔ አኮረፍሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን አብሬህ ብስቅ ምን ነበረበት?

ሥራውን ከምድጃዬ ሆኜ ስላየሁት በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ስባሪውን ትገጣጥማለህ፤ የጎደለውን በሰም ትሞላለህ። ከዚያ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሌላ ፈሳሽ ታፈስበታለህ፤ ሲረጋ ከፍተህ ስባሪውን ታወጣለህ፤ ባዶው ቦታ ፎርማ ይሆናል። ማሩና ውኃው በሲኒ ተለክተው፣ ጥቁር ቀለም ጠብ ተደርጎባቸው፣ ተማስለው ፎርማው ውስጥ ይገባሉ። አለቀ። ምን አለበት ታዲያ? እንጀራ ከመጋገር ይቀላል እል ነበር፤ አፌ እንደሆነ አያርፍ!

ማማሰሉ ላይ ግን አንተ ሰዓት አትይዝም ነበር። ሰዓት የሚያይ ሰው ዐይኑ ከሲኒው ይነሣል ትላለህ። ማማሰያው በቀኝ እጅህ፣ መቁጠሪያህ በግራህ፤ ለአንድ ፍሬ አንድ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። መቁጠሪያው ዞሮ መስቀሉ ጋ ሲደርስ ይበቃል ብለህ ትገለብጣለህ። እኔ ደግሞ ፕላስቲክ ነው የምታማስለው ወይስ ጠበል ነው የምታፈላው እያልሁ ስቀልድብህ፣ ለነፍስ አባታችን ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ እነግራለሁ ብዬ አስፈራራሁህ። ለካስ አንተ ቀድመኸኝ ነግረሃቸዋል። እሳቸውም እጅ ሲሠራ አፍ ቢጸልይ ምን ክፋት አለው ብለው መረቁህ። በዚህም ተሸነፍሁ።

ስንት ጊዜ ነው ነይ እስቲ አንድ ቀን አንቺ አማስዪ ያልኸኝ? ሽታው ራሴን ያዞረኛል፣ ወጤ ያርብኛል፣ እጄ ሊጥ ነው። ምክንያት አላጣም ነበር። አንተም ግድ የለም፣ ሌላ ቀን ትላለህ። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ ታመምህ።

ከመታመምህ ሳምንት ቀደም ብሎ ጋሽ አያሌው መጥተው ነበር። ያ ከእሳቸው እኩል ያረጀ ሚኒባሳቸው፣ የተሳፋሪው በር የውስጥ እጀታ ተሰብሮ፣ ሰው መውረድ ሲፈልግ እሳቸው ዞረው ከውጭ ይከፍቱ ነበር። በኋላ ገመድ አሰሩለት። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ደግሞ በገመድ የሚከፈት በር ይዘው ሰው መጫን እንደማይችሉ ተነገራቸው። አንተም ፎርማውን ሠራህ። ስባሪው ከፎርማው ሲወጣ ፍርክስክሱ ወጣና ተጣለ። ለማፍሰስ ግን አልደረስህም። በታመምህ በሦስተኛው ሳምንት፣ ውኃ እንኳ አልወርድ ሲልህ፣ እጄን ይዘህ የጋሽ አያሌውን እጀታ አደራ አልኸኝ። ስለ ልጅህ አደራ ትለኛለህ ስል፣ ስለ ራስህ ትለኛለህ ስል፣ ስለ በር እጀታ! ያኔ ገርሞኝ ነበር። አሁን ሲገባኝ፣ ስለ እኛ አደራ ማለት አላስፈለገህም።

አደራ ጥብቅ ነው። ጋሽ አያሌው ሰማንያህ እስኪወጣ ድረስ አፋቸውን አልከፈቱም። ያን ጊዜም ቢሆን ስለ እጀታው አልጠየቁም፤ መጥተው ተቀምጠው ስለ ዝናቡ አውርተው ሄዱ። እኔ ግን ገባኝ። በማግሥቱ ነጠላዋን ከምስማሯ አውርጄ አፌ ላይ አሰርሁ።

እንዳንተው አደረግሁ። ማሩን በሲኒ፣ ውኃውን በሲኒ። ያንተን መቁጠሪያ በአርባህ ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ ሰጥቻቸው ስለነበር የራሴን ያዝሁ። እግዚኦ፣ እግዚኦ እያልሁ አንድ ዙር ጨረስሁና ገለበጥሁት። ሲረጋ ብከፍተው ምን ልበልህ፣ ግማሹ ሙጫ ነው! ፎርማው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። እየጎተትሁ፣ እየተራገምሁ ሳወጣው፣ ጀርባው ብቻ ረግቶ ኖሮ አንድ ነገር አየሁ። አውራ ጣትህ። ቆርቆሮ የሸረከተህ ጠባሳ መሐሉን አቋርጦት እንዳለ፣ የአውራ ጣትህ አሻራ እጀታው ጀርባ ላይ ታትሟል። የጎደለውን በሰም ስትሞላ ጣትህን ጫን አድርገህበት፣ ሳታጸዳው ፎርማው ወስዶታል።

ይበልጣል፣ በቀብርህም በተዝካርህም ያለቀስሁት ከሰው ጋር ነበር፤ የዚያን ቀን ብቻዬን አለቀስሁ። መሬቱ ላይ፣ አንተ በሳቅ የወደቅህበት ቦታ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ያም ጀርባ ከሙጫው ጋር ተጣምሞ አሻራው ጠፋ፤ ሁለተኛ ሞከርሁ። ፈሳሹ ቢያረጅ ነው ብዬ አዲስ አስመጣሁ፤ ልኬቱን ሕይወት በስሪንጅ ለካችልኝ፤ መቁጠሪያዬን ዳግመኛ አዞርሁ። እንደገና ሙጫ! ስጎትተው ደግሞ የፎርማው ከንፈር ተቀደደ። ገልብጬ ሳየው ቅዳዱ ወደ ውስጥ ሄዷል። ሌላ አንድ ጊዜ ቢችል ነው፤ ሁለተኛ አይችልም። ያም አንድ ጊዜ ከተበላሸብኝ የጋሽ አያሌው እጀታም የለ፣ ያንተ ጣትም የለ።

ፈራሁ። ፎርማውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከመጋረጃዎቹ ሥር ቆለፍሁበት። ለጋሽ አያሌው በሕይወት በኩል አልሆነልኝም ብዬ ላክሁባቸው። እሳቸውም ገመዱ ጥሩ ጓደኛ ነው፣ አትጨነቅ በያት ብለው መለሱ። ሚኒባሷ ግን ግቢያቸው ውስጥ ቆመች፤ ዶሮ ሰፈረባት። እኔ ደግሞ ማድ ቤት በገባሁ ቁጥር ካንተ ጋር ተጣላሁ። ምን ነበር ያልነገርኸኝ? ምን ደበቅኸኝ? የሞተ ሰው ይሰደባል? እኔ ግን ሰድቤሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ደግሞም አደራ በላ ማን ይባላል? አንተ ተኝተህ የምባለው እኔ ነኝ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሙት ዓመትህ ደረሰ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ካህናቱ ጸልየው ዝክሩ ቀርቧል። እኔ ጭልፋ ይዤ ስዞር አባ ወልደ ጊዮርጊስ ያንተን መቁጠሪያ በጣታቸው እያንከባለሉ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ስደርስ፣ እናኑ ልጄ፣ የይበልጣል መቁጠሪያ ለእኔ ለሽማግሌው ረዘመብኝ እኮ አሉኝ። አርባ አንዱን እግዚኦ ጨረስሁ ስል ገና ሃያ ሦስት ፍሬ ይተርፈኛል አሉ።

ጭልፋዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። እንዴት ይተርፋል አልኋቸው። ይኼ የእመቤታችንን ዕድሜ ይዞ የተሠራ ነው፣ ስልሳ አራት ነው፣ አታውቂም ኖሯል አሉኝ።

አላውቅም ነበር! ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ የመቁጠሪያህን ፍሬ ቆጥሬው አላውቅም። እግዚኦታ አርባ አንድ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል፤ የእኔም መቁጠሪያ አርባ አንድ ነው። የሰው ሁሉ አርባ አንድ መስሎኝ፣ ሃያ ሦስት እግዚኦ እያጎደልሁ፣ ያልተዋሐደ ነገር ፎርማህ ውስጥ ስገለብጥ ኖሬያለሁ። ከዚያ ምን ሆንሁ መሰለህ? ሳቅሁ። በሙት ዓመትህ፣ በጥቁር ልብሴ፣ በሰው ፊት ከት ብዬ ሳቅሁ። እኅትህ አለሚቱ፣ አይ ወንድሜ፣ ምስኪኗ ይኸው ለየላት ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሌሎቹ ሴቶች ውኃ አመጡልኝ። አባ ብቻ ነገሩን ጠይቀው ተረዱኝና እሳቸውም በጢማቸው ውስጥ ሳቁ። መቁጠሪያውን መልሱልኝ ለማለት አፍሬ ለአንድ ቀን ያውሱኝ ብላቸው፣ መቁጠሪያው ብቻውን ምን ያደርግልሻል፣ እኔው መጥቼ እቆጥርልሻለሁ አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ኪዳን አድርሰው መጡ። የማድ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ሰጠኋቸው። ሕይወት ፎርማውን በገመድ አጥብቃ ያዘችልኝ። ማሩንና ውኃውን ቀላቅዬ ማማሰል ስጀምር አባ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ እጄ በራሱ ቆመ። አባም ከመነጽራቸው በላይ አየት አድርገውኝ፣ አርባ ሁለት አሉ። ሲኒው ውስጥ ሳይ የማሩ ክር ገና እየዞረ ነው። ኧረ እንዴት ዐይኔ ከዚህ በፊት አላየውም? ሃምሳ ላይ ክሩ ቀጠነ፤ ስልሳ ላይ ጠፋ። ስልሳ አራት ሲሉ ገለበጥሁት።

እስከ ማግሥቱ ሳልነካው አሳደርሁት። ጠዋት ስከፍተው ፎርማው እጄ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ዕድሜው ያችኑ ያህል ነበር። እጀታው ግን ወጣ! ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ጠርዙ ያልጎደለ፤ በጥፍሬ ብመታው እንደ ሲኒ ጮኸ። ገለበጥሁት። ጣትህ ከነጠባሳው እዚያው ነው። እልል አልሁ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ልጅሽ ልታገባ ነው እንዴ ብለው ጠየቁኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ጋሽ አያሌው ሲመጡ እጀታውን ልሰጣቸው ዘርግቼ ጣቶቼ አልፈታ አሉ። ፎርማው ጠፍቷል፤ ያንተ ጣት ያለበት ነገር በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ጋሽ አያሌው ገልበጥ አድርገው አዩት። ጠባሳህን ያውቁታል፤ የተሸረከትህ ቀን ሐኪም ቤት ያደረሱህ እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ይኼስ ካንቺ ጋር ይሁን፣ እኔ ገመዴን ለምጄዋለሁ አሉ። ዶሮ የሰፈረባት መኪና እያለቻቸው! አደራውን ልበላው ጉሮሮዬ ላይ አድርሼው ነበር። ሦስት ቀን ስጡኝ አልኋቸው።

በሦስቱ ቀን በዕድሜዬ የመጀመሪያውን ፎርማ ሠራሁ። እንዳይጣበቅ እጀታውን ሰም ቀባሁት፤ ጣትህ ያለበትን ቦታ በላባ፣ እንዳይደፈን እየሳሳሁ። ዙሪያውን ፈሳሹን ጎማ አፈሰስሁ። ሲረጋ ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ያንተን ጣት ነው፤ ጠባሳውም ሳይቀር መጥቷል። ከአጠገቡ ደግሞ ሌላ ጣት አለ። ወይ ጉድ! የማን ነው ብዬ ደነገጥሁ። የእኔ ነው። ሰሙ ሳይደርቅ እጀታውን ይዤው ኖሮ አውራ ጣቴ ጎንህ ታትሟል። ሥራህን አታጸዳም ብዬ ስጨቀጭቅህ ኖሬ፣ በመጀመሪያ ሥራዬ ያንኑ ጥፋት ሠራሁት። ሕይወት በጥሩ ቢላዋ ይፋቅ አለችኝ። እጇን መታሁላት።

ፎርማው እኔ ጋ ቀረ፤ ጋሽ አያሌው ጣትህ ያለበትን እጀታ ወሰዱ፤ በሩ ላይ ገጠሙት፤ ቦሎውም ተለጠፈላቸው። ሕይወት ጠዋት ጠዋት ቡሬ የምትሄደው በእሳቸው ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔም እናቴን ልጠይቅ አብሬ ተሳፈርሁ። ቡሬ መናኸሪያ ስንደርስ እኔ እከፍታለሁ ብዬ ሰዉን አስቆምሁ። ጣትህ ያለው ወደ ብረቱ ዞሮ ስለሆነ አይታይም፣ አይነካም፤ ቢሆንም ትንሽ ይዤው ቆየሁ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ እማማ፣ በሩ ነው እንጂ ዘመድ አይደለም፣ ውረዱልን አለችኝ። ምን ታውቃለች።

ትናንት ደግሞ ከዱርቤቴ አንድ ፌስታል መጣ። ሥጋ አለመሆኑን አውቄ ነው የፈታሁት። የዳሽቦርድ ክዳን ነው፤ አራት ቦታ ተሰባብሯል። እሠራዋለሁ። ሽታው አሁንም ራሴን ያዞረኛል፤ ይህን እንድታውቀው ያህል ነው።

አባ መቁጠሪያህን ሊመልሱልኝ አሉ፤ እንቢ አልሁ፤ ለነፍስህ የሰጠሁት ለነፍስህ ይሁን። የራሴኑ ይዤ እቆጥራለሁ። አንድ ዙር ስጨርስ አርባ አንዱ የእኔ ነው፤ እንደገና ከመስቀሉ ጀምሬ ሃያ ሦስት እጨምራለሁ። እነዚያ ያንተ ናቸው። ማማሰያ በያዝሁ ቁጥር፣ ቆሜ መሥራት እስከሚያቅተኝ ቀን ድረስ፣ ያጎደልሁብህን ሃያ ሦስት በስምህ እላቸዋለሁ፤ እግዚኦ ይበልጣልን ማርልኝ እያልሁ፣ ሲኒው ውስጥ ክሩ እስኪጠፋ።

የማድ ቤቱ ባለቤት፣
እናኑ